ክር ያለው ካሮት

«ቀስ በይ የኔ እናት፤ ጥርስ አይደለም የምትነቅዪው» አሉ አያቷ ከበረንዳው።

ልጅቷ ሳቀች። የነቀለችው ካሮት ቀጥ ያለ ነው፤ ቅጠሉን ይዛ ሳብ ስታደርገው ያለ ትግል ወጣ። ነገ ክፍል ይዛው ትገባለች። ከክፍሏ ልጆች ጋር የአፈር ምርመራ ሲሠሩ «የሰፈራችን አፈር ለካሮት ይስማማል» ብላ የተናገረችው እሷ ናት። የሰፈሩ ልጆችም የእሷን ካሮት አይተው ሊዘሩ ጓሯቸውን ቆፍረው እየጠበቁ ነው።

ቀጣዩን ስትስብ ሦስት ካሮቶች ተያይዘው ወጡ። አንገታቸው ላይ የገበያ ክር ታስሯል።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ካሮት ታስሮ ነው እንዴ የሚበቅለው?»

አያቷ ዓይናቸውን ወደ አጥሩ መለሱ። «ከገበያ ገዝቼ፣ መነጽሬን ሳላደርግ ነው የቀበርኳቸው፤ ለካ ያንዱን እስር አልፈታሁትም።» «ባለፈው ሳምንት ያንቺን ጫር ጫር አድርጌ አየሁት። አልሆነም። ጓደኞችሽ ፊት አንገትሽን እንድትደፊ አልፈለግኩም።»

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ግን በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው ሲተክሉ ታያትና ተወችው።

ከጓሮው ዳር የቀረውን የራሷን ካሮት ቆፍራ አወጣች። አጭር ነው፤ ሁለት እግርም አውጥቷል።

«ይሄስ ሱሪ ብቻ ነው የጎደለው» አሉ አያቷ። ሁለቱም ሳቁ።

አፈሩን አርጥባ በመዳፏ ስታሽከረክረው ሳይበጠስ ረዘመ። ሥር ወደ ታች የማያሳልፍ፣ የሚጣበቅ ጭቃ ነው። ያን ጊዜ የመረመረችው ከግድግዳው ሥር ያለውን ብቻ ነበር፤ ቤቱ ሲሠራ የተረፈ አሸዋ ስላለበት ለመቆፈር አያስቸግርም። መምህሩ «ከየቦታው ወስዳችሁ ቀላቅሉ» ያሉትን ሰንፋ ትታዋለች።

«ክሩን ከፈታነው እኮ ማንም አያውቅም» አሉ አያቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጓሮ ሲቆፍር መዳፉ ውሃ የቋጠረው የጎረቤት ልጅ ትዝ አላት። ክሩን ፈታችው። ቀጥ ቀጥ ያሉትን አጥባ በሳህን አያቷ አጠገብ አስቀመጠች።

«እነዚህ ለራታችን ናቸው» አለች።

ባለ ሁለት እግሩን ከነጭቃው በወረቀት ጠቅልላ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ዶማውን አነሳች።

«አባባ፣ መነጽርዎን ያድርጉና ይምጡ። አሁን አፈሩን ከየጥጉ ነው የምንወስደው።»