ከፈረሱ እግር ሥር

በ1976 በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ቀረ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ከብቱ አለቀ፤ በቆቦ ገበያ ከቆዳ በቀር የረከሰ ነገር አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት መርጌታ ገብረ ማርያም ቤታቸው ውስጥ በዘነዘና ተመትተው ሞተው ተገኙ። ስለ ጊዮርጊስ የተጻፈው ጥንታዊ ብራናቸው ጠፍቷል።

የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ሸረፈዲን መጥቶ ሬሳውን አየ። የሟቹ ዕዳ ነበረበት፤ የገንዘብ አይደለም።

«ሚስቱን እሰር» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደምሴ። «ዘነዘናው የእሷ ነው።»

«የእርዳታ ስንዴ ልቀበል ተሰልፌ ነበር» አለች ሚስታቸው የሻረግ።

«ብራናውን ማን አይቶታል?» አለ ሸረፈዲን።

«ማንም። ለእኔም ከማኅደሩ አውጥተውት አያውቁም።»

«ለቤተ ክርስቲያን ስጥ ብዬው ተጣልተናል፤ አልክድም» አሉ ቄስ አስፋው። «አንተ ግን እስላም ነህ። የጊዮርጊስ ነገር ምን አገባህ?»

«የምመረምረው የሟቹን ነው፤ አባ። አንተስ አባይ?»

የሟቹ ጎረቤት፣ ቆዳ ነጋዴው አባይ፣ ትከሻውን ሰበቀ። «ማኅደሩንም አላየሁ።»

ደምሴ ሳቀ። «ዘንዶ ገደለ፣ ልጅቷን አዳነ! ለዚህ ተረት ሰው ይሞታል?»

«የምን ዘንዶ፣ ጓድ?» አለ አባይ። «ለባዶ ፈረስ ነው እንጂ!»

ሸረፈዲን ተነሳ። ሁለት ፖሊሶች ይዞ ወደ አባይ መጋዘን ሄደ።

በማግስቱ አራቱንም በሟቹ ግቢ ውስጥ ሰበሰበ።

«ጊዮርጊስ ሲባል ሁላችሁም የምታዩት ዘንዶ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይም ያለው እሱ ነው። መርጌታ ግን ነግረውኛል፤ በጥንቱ ብራና ዘንዶ የለም። ለጣዖት አልሰግድም ብሎ የሞተ ሰማዕት ነው ያለው። ዘንዶውና ልጅቷ ኋላ የመጡ ናቸው። ሥዕሉም ፈረሰኛ ብቻ ነው።»

«ሐሰት!» አሉ ቄሱ።

«‹ይህን ለክርስቲያን ብናገር ይወግረኛል፤ አንተ አትጣላኝም› ነው ያሉኝ። ትናንት ግን ‹ባዶ ፈረስ› ያለ አንድ ሰው አለ። ማኅደሩንም አላየሁ ያለው ነው። ብራናውን ሳያይ ከፈረሱ ሥር ዘንዶ እንደሌለ በምን አወቀ?»

ከአባይ መጋዘን ያመጣውን በጨው የታሸ የበግ ቆዳ ዘረጋ። ብራናው በውስጡ ነበር። ገለጠው። ከፈረሱ እግር ሥር ምንም አልነበረም። ቄሱ ጎንበስ ብለው ደጋግመው አዩት።

«ሦስት ኩንታል እህል ላምጣ፣ ለፈረንጅ ልሽጠው አልኳቸው» አለ አባይ። «ገልጠው አሳዩኝና አይሸጥም አሉ። ያንን ባዶ ፈረስ!»

አስረው ወሰዱት። ሸረፈዲን ብራናውን ለየሻረግ ሰጣት።

መቃብር የሚቆፍር ጠፋ፤ ሰው ሁሉ በረሃብ ደክሟል። ሸረፈዲን የደንብ ልብሱን አውልቆ ዶማ አነሳ።

«የእስላም እጅ...» አሉ ቄስ አስፋው።

«በ66ቱ ረሃብ አባቴ ሲሞት ቆፋሪ አልነበረም። መርጌታ ብቻቸውን ቆፍረው ቀበሩልኝ። ዞር ይበሉ፤ አባ።»

አፈሩ እንደ ድንጋይ ነበር። እስከ ደረቱ ቆፈረ።