አንድ ነን

«ዝርዝሩ ውስጥ የላችሁም» አለ መዝጋቢው፣ ቀና ሳይል።

ቶሎ ስለምትቀጣጠል ሰፈሩ ሁሉ «ክብሪት» የሚላት ልጅ በመስኮቱ አንገቷን አሰገገች። አጠገቧ ረጅሟ የክፍል ጓደኛዋ የቤተሰቧን የስደተኛ ካርድ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ዱቄትና ዘይት የሚታደልበት መጋዘን ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። የረጅሟ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ራሽን ከቀረባት ይኸው ሁለተኛ ወሯ ነው።

«እንዴት አይኖሩም? ዓመት ሙሉ ሲወስዱ ነበር።»

«አሁን ያሉት በነባር ነዋሪዎች መዝገብ ላይ ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ ለስደተኛ ብቻ ነው። እናንተ ቤት። ሰባት ሰው፣ አንድ ቤተሰብ።» ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «የተናገሩት እናትሽ ናቸው።»

ክብሪት ትዝ አላት። ዶሮ ለሚሰጣቸው ነባር ነዋሪዎች ምዝገባ ሲካሄድ «ግቢው ውስጥ ስንት ቤተሰብ አለ?» ተብላ እናቷ ደረቷን ነፍታ «ምን ስንት አለው፤ እኛ አንድ ነን» ብላ ነበር። የጓሮዋን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ በደስታ እንባ አቀረረ። መዝጋቢው ደግሞ የሰማውን ጻፈ።

«ከቤታችሁ አንድ ሰው መጥቶ ሁለት ቤተሰብ ነን ብሎ ይፈርም። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ይበቃል።»

ክብሪት እየሮጠች ቤት ገባች። እናቷ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ልብስ ሰፊዋ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን ታሽከረክራለች።

«አልፈርምም» አለች እናቷ። «ሰውን በዱቄት ልለይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እማ፣ ሰው ምንም አይልም። የቀረው ዱቄቱ ነው።»

«ከአንድ ድስት እየበላን ሁለት ነን ብዬ ልዋሽ?»

«ከአንድ ድስት የምንበላው ዱቄታቸውን ስላስቀረሽባቸው እኮ ነው።»

«አፍሽን ሰብስቢ።»

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አቆመች። «ተይ ልጄ፣ ከእናትሽ ጋር አታጋጪኝ። ዱቄት ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«አይመጣም እኮ፣ እትዬ። ችግሩ እሱ ነው።»

ቅድም ምሳ ላይም ያው ነበር። እናቷ «ብዪ እንጂ» ስትል ልብስ ሰፊዋ «ጠግቤያለሁ» አለች፤ ትንሹ ልጇ ግን ሳህኑን በጣቱ ይጠርግ ነበር። ይሉኝታ ዱቄት ቢሆን ኖሮ ይህ ግቢ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር።

ክብሪት የትምህርት ቤት መታወቂያዋን አንስታ ረጅሟ ወደምትጠብቅበት መጋዘን ተመለሰች።

«እናትሽስ?» አለ መዝጋቢው።

«ሥራ ይዟታል። እኔ አሥራ አምስት ሞልቶኛል።»

«ከአንድ ድስት የሚበላ አንድ ቤተሰብ ነው። ደንቡ ይኸው ነው። ነገ መጥተን እናያለን። ድስታችሁ ስንት ነው?»

ረጅሟ መሬት መሬት አየች።

«ሁለት» አለች ክብሪት።

«መዝገቡ ሲለወጥ የዶሮው ተራችሁ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ታውቂያለሽ?»

ክብሪት የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ የመታችው ራሷ ነች። አውራ ጣቷ ላይ ያለው ጥፍር እስካሁን ጥቁር ነው።

«አውቃለሁ» አለች። አታውቅም ነበር።

ፈረመች።

የተሰጣቸውን የዱቄት ጆንያ ተጋግዘው ሰፈር ሲቃረቡ ረጅሟ «እናትሽ ትገድልሻለች» አለች።

«ተራዋን ትጠብቅ። እኔ ራሴ ገና በራሴ ተናድጄ አልጨረስኩም።» ትንሽ እንደሄዱ ቆመች። «ድስት አላችሁ?»

«አንድ አለ። እጀታው ወልቋል።»

«ለራት እሱን ጣዱት። እማ ስትጠራችሁ እንዳትመጡ።»

«ትቀየማለቻ።»

«ትቀየም።»

የግቢው በር ላይ ደረሱ። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው እየጠራች ነው፣ ማንን እንደሆነ አይለይም። ረጅሟ ወደ ኋላ አለች። ክብሪት ጆንያውን ብቻዋን ትከሻዋ ላይ አወጣችና ቀድማ ገባች።