ፊደሉ የታየ ስቲከር

ፅዮን አወቀን በዓለም ከተማ ያንገሸገሿት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሥራ ሲደራ ጠብቆ የሚጠፋው መብራት፣ ሁለተኛው ይሥሐቅ። መብራቱስ እሺ፣ ይሄዳል ይመጣል። ይሥሐቅ ግን አንዴ ከመጣ አይሄድም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት በግንቦት ልደታ ሰሞን ነው። ፅዮን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ አንድ ማተሚያና አንድ መቁረጫ ማሽን አስገብታ ስቲከር መሥራት ከጀመረች ገና አራተኛ ወሯ ነበር። አባቷ አቶ አወቀ «ልጄ ወረቀት እየለጠፈች ትውላለች» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ። እሷ ግን ያችን ክፍል የምታያት ሌላው ልጁን እንደሚያይ ነው። ታዲያ በዚያ ሰሞን የባጃጅ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በኃይሉ የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ ይዞላት መጣ፤ ለአርባ ባጃጅ፣ የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚል።

ፅዮን ተጠበበችበት። መደቡን ሰማያዊ፣ ጽሑፉን ወርቃማ አደረገችው። ለእመቤታችን ነውና ተራ ፊደል ማስገባት ደግሞ ደስ አላላትም። እሳቱ ሰ ቀጭንና ልፍስፍስ ሆኖ ታያት። ንጉሡ ሠ ግን ስሙም መልኩም ግርማ አለው። አልፋውን አ እንዲሁ አውጥታ ክቡን ዐይኑ ዐ አስገባችበት። «ሠዐሊ ለነ ቅድስት»። አምሮባት አምሮባት፣ በስልኳ ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሣችው።

አርባዎቹ ተለጥፈው ባለቁ ማግስት፣ እጅጌው ላይ የጠመኔ ብናኝ ያለበት ረጅም ወጣት በሩ ላይ ቆመ። ከራቤል የመጣው አዲሱ የአማርኛ መምህር ነው። ዲያቆን መሆኑንና ቅኔ ቤት ማደጉን ከተማው ሁሉ ያወራል።

«የባጃጆቹን ጽሑፍ የጻፈው ማነው?» አላት።

«እኔ ነኝ። ልታሠራ ነው?»

«አይደለም። ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ቅድስት ሆይ፣ ለምኝልን ማለት ነዋ!»

«እሱ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲጻፍ ነው። በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ከሆነ መሣል ነው። ቅድስት ሆይ፣ ሥዕል ሣዪልን ነው ያልሽው።»

ፅዮን ቀና ብላ ወደ ውጭ አየች። ባጃጆቹ መናኸሪያው በር ላይ ተሰልፈው፣ በወርቃማ ፊደል፣ እመቤታችንን ሥዕል እየለመኑ ነው። ፊቷ ጋለ።

«እና ማን ልብ ይለዋል?»

«እኔ ልብ አልኩት። ነገ ልደታ ነው፤ ካህናቱ ሁሉ ልብ ይሉታል።»

መቀሱን ብትወረውርበት በወደደች። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና «ናፍጣና ጨርቅ አለሽ?» አላት።

ያን ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ሲፍቁ ዋሉ። ሾፌሮቹ ይነጫነጫሉ፣ በኃይሉ ይሳደባል፣ ፅዮን በጥፍሯ ትልጣለች። ወደ ማታ ላይ አንዱ ሾፌር «ቆይ፣ ብትሥልልንስ ምን አለበት? የኔዋ ባጃጅ እንደሁ ቀለሟ ለቋል» አለ። ይሥሐቅ ሣቀ። ስሙ ራሱ «ይሣቅ» ማለት ሆኖ ሳለ እስከዚያች ሰዓት ጥርሱን ያየ ሰው አልነበረም። ፅዮን ሣቁን ስታይ ልቧ ድንግጥ አለ፤ በዚህም ይበልጥ ተናደደችበት።

ከተማው አንድ ሳምንት ሣቀባት። ከዚያ የሆነው ግን እሷ ካሰበችው ሌላ ነው። «እዚያ ቤት ፊደል የሚያይ ሰው አለ» የሚል ወሬ ወጣ። ሰበካ ጉባኤው መጣ፣ እድሩ መጣ፣ ከቀየትና ከራቤል በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ትእዛዝ ይላክላት ጀመር። ፅዮን በሯ ላይ «ፊደሉ የታየ ስቲከር» ብላ ለጠፈች፤ ዓመት ሳይሞላም ሁለተኛ ማተሚያ ገዛች።

ፊደሉን ማየት ግን ከይሥሐቅ ጋር መኖር ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይመጣል፣ ጥጉ ላይ ይቀመጣል፣ ሊታተም የደረሰውን ሁሉ ይመልሳል። ማር ነጋዴዋ ወይዘሮ ጠጄ «ንፁህ ማር» ለሚል አንድ ስቲከር ግማሽ ቀን ተጎልተዋል።

«በጸሎቱ ጸ፣ በሐመሩ ሐ ነው እናቴ፤ ንጹሕ» ይላቸዋል።

«ማሩ ሊበላ ነው እንጂ ሊቀደስበት ነው እንዴ ልጄ? አትሙልኝና ልሂድበት!»

አንድ ቀን ደግሞ የገዛ ስሟን አረመላት። «ጽዮን በጸሎቱ ጸ ነው፤ አንቺ በፀሐዩ ፀ ነው የምትጽፊው።»

«መታወቂያዬ ላይ ያለው ነው! ስሜን እንኳ ተውልኝ!»

እንዲህ ስትጮህበት ዝም ብሎ ያያታል። እሷም ታየዋለች። ከዚያ ሁለቱም ማሽኑ የተበላሸ ይመስል ወደ ማሽኑ ይዞራሉ። አንድ ምሽት ወረቀት ከእጇ ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተና «ስሕተት የለውም» ብሎ መለሰላት። ወረቀቱን ገልብጦ ነበር የያዘው። ፅዮን ያን ምሽት ቤቷ እስክትደርስ ብቻዋን ስትሥቅ ሄደች።

ትወደዋለች። እሱም እንደሚወዳት ታውቃለች። ግን ለእያንዳንዷ ፊደል አፍ ያለው ሰው ለዚህ ነገር አንዲት ቃል ይጥፋው? ጾም ገባ፣ ጾም ወጣ፤ ምንም የለም።

በአንድ እሑድ ሦስት ሽማግሎች አቶ አወቀ ደጃፍ ቆሙ። ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም አሉ። ፅዮን ከእናቷ ከወይዘሮ ጌታነሽ ጋር ጓዳ ሆና የይሥሐቅን ስም ስትሰማ የእናቷን ክንድ ጭምቅ አደረገችው።

«ልጁ ለቅስና የታጨ ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «አባቱ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ራቤል ያለውን ደብራቸውን ይጠብቁለታል። መቼም ዲያቆን ካላገባ አይቀስስም። ልጅዎን ይስጡንና ክረምት ሳይገባ ትሂድ። ያ ማሽንም ይሸጥ። የቄስ ሚስት የባጃጅ መስታወት ላይ ስትለጥፍ አትውልም።»

ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት አትወጣም። ፅዮን ወጣች።

«ማሽኑ አይሸጥም» አለች። «እኔንም ራቤል የሚወስደኝ የለም። ይህን ብሎ የላካችሁ ሰው ራሱ አፍ አለው፤ መጥቶ ይንገረኝ።»

አቶ አወቀ ደንግጠው ተነሡ። ሽማግሎቹን «እንምከርበት፣ በዐሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። እናቷ መቀነቷን እያጠበቀች «ምነው ልጄ! ምነው አዋረድሽን!» አለቻት፤ ቆይታ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም እሱን ማሽን አልሸጠውም ነበር» አለች።

ይሥሐቅ ሦስት ቀን ጠፋ። በአራተኛው መጥቶ የተለመደው ጥጉ ላይ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን ሳበችበት።

«ማሽኑ ይሸጥ ያልከው አንተ ነህ?»

«አባቴ ናቸው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

መሬት መሬት አየ። «ዝም አልኩ።»

«ዝም አልክ?» አለች። «ለጠጄ ማር ግማሽ ቀን የተከራከርክ ሰውዬ! ሰ በሠ ተቀየረች ብለህ ከተማ ያመስክ ሰውዬ! ለኔ ዝም አልክ?»

«አባቴ ሸምግለዋል ፅዮን። አንድ ልጃቸው ነኝ።»

«እኔስ ያለኝ ስንት ሥራ ነው? ይህ ቤት እኮ እኔ ነኝ! ይህን ዘግቼ የምትወስዳት ሴት ማን እንደሆነች አላውቃትም። ሂድ፣ ለሳቸው ንገራቸው። ካልነገርካቸውም አትምጣ።»

ሄደ። ዐሥር ቀን ሙሉ አልመጣም። ፅዮን ሥራዋን ሠራች፤ የወጣውን ሁሉ ራሷ ደጋግማ አየች። ሰው ስለ እሱ ሲጠይቃት «እኔ ምን አውቃለሁ!» ትላለች። የሳበችበትን ወንበር ግን መልሳ ጥጉ ላይ አኖረችው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ በገበያው ዕለት፣ ቤቷ በደንበኛ ተሞልቶ እሷ ስቲከር ስትልጥ በሩ ላይ ደረሰ። ልብሱ አቧራ፣ ዐይኑ እንቅልፍ ያጣ። ከአውቶቡስ መውረዱ ነው።

«ነገርኳቸው» አላት፣ በሰው ሁሉ ፊት። «ሚስቴ ሥራዋን አትተውም አልኳቸው። ራቤል ተመልሼ እንደማልኖርም ነገርኳቸው። ቅስናውም እዚሁ ከሆነ ይሁን፣ ካልሆነም ይቅር አልኳቸው። እወድሻለሁ ፅዮን። ዓመት ሙሉ ልነግርሽ ፈልጌ አቅቶኝ ነው።»

ወይዘሮ ጠጄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«መሪጌታስ ምን አሉ?» አለች ፅዮን።

ይሥሐቅ ዐይኑ እንባ ሞላ። «ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሦስት ቀን ደጃቸው ቆሜ ለመንኳቸው፤ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም። ሳይመርቁኝ መጣሁ።»

ፅዮን የያዘችውን አስቀመጠች። መቀሱን ወደ መሳቢያው መለሰችው። ሁለቱንም ማሽኖች አጠፋችና ደንበኞቿን ዞራ አየቻቸው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ ሥራ የለም። ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ።»

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለ ይሥሐቅ። «የገበያ ቀን እኮ ነው! ይህን ሁሉ ሰው ምን ልታደርጊው ነው?»

«አየኸው፣ አሁንም ልትመልሰኝ ነው! አንተ ብቻህን አንድ ነገር ሠርተህ ታውቃለህ? ሂድ፣ እናቴን ጥራልኝ፤ ከሷ ጋር ነው የምንሄደው። እኔም ደጃቸው እቆማለሁ። አንተን ዝም ካሉህ እስቲ እኔን ዝም ይበሉኝ።»

ሰዉን ሁሉ አስወጣች። የብረቱን በር እስከ ታች ስባ አወረደችው፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው፣ ገና እንደ ሐውልት ለቆመው ሰው ቦርሳዋን አስታቀፈችው። ከዚያ ቀድማ፣ በቁጣ፣ ራቤል የሚያደርሰው የመሐል ሜዳ አውቶቡስ ወደሚነሣበት መንገዱን ተሻገረች።