የስብሐት ስልክ ለምን ተቀነሰ

ጭጋጉ ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ጥዶች ላይ ገና አልተነሳም። ኢየሩ ለበጎ ፈቃደኞቹ ስልክ እያደለች የማስተርስ ጥናቷን ታስረዳለች።

«የኔትወርክ ማማ በሌለበት፣ ስልኮቹ እርስ በርስ መልእክት ይቀባበላሉ። አብረው የሚሄዱትን ፕሮግራሙ ቡድን ያደርጋቸውና አንዱን አለቃ ይመርጣል። መልእክት የሚያልፈው በአለቆቹ በኩል ነው። ብቻ የተሰጣችሁን መንገድ እንዳትለቁ!»

ስልክ ከተሰጣቸው አንዱ የሆነው የማዕከሉ የዛፍ ባለሙያ ስብሐት የሰማው ድምፅዋን እንጂ ቃሏን አልነበረም። ክረምት ላይ ለጥናቷ ወደ ማዕከሉ መመላለስ ከጀመረች አንስቶ ይወዳታል። አባቷ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ናቸው፤ የሱ እናት ደግሞ የማርያምን ማኅበር አስታጉለው አያውቁም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ዛሬ ሥራዋን ጨርሳ ልትሄድ ነው።

ነጭ ሹራቧ በጥዶቹ መካከል ብቅ ጥልቅ እያለ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ስትዘዋወር፣ እግሩ ሳያማክረው ተከተላት። ስትቆም ይቆማል፤ ዘወር ስትል ቅጠል ይመረምራል። በሕልሙ የሚሄድ ነበር የሚመስለው።

ወደ ቀትር ኢየሩ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ፊቷ ተለወጠ። አንድ ስልክ ከቡድን ቡድን ይዘላል። አለቃ በሆነ ቁጥር ቡድኑን ጥሎ ይሄዳል፤ መልእክቶቹም መንገድ ላይ ቀርተዋል።

«በቃ፣ ፕሮግራሜ አይሠራም» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ከዜሮ ልጀምር ነው። ዘንድሮ መመረቅ ቀረ።»

ስብሐት ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ልቡ ግን አልቻለም።

«ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም። ያ ስልክ የኔ ነው።»

«መንገድ ጠፋህ እንዴ? እያንዳንዱን ዛፍ በስሙ የምትጠራ ሰውዬ!»

«አልጠፋኝም። እ... ማለቴ... አንቺን ስከተል ነው።»

ኢየሩ አየችው። እንባዋን እንኳ አልጠረገችም።

«ይሄን ሁሉ ወር አንተ አቅቶህ ስልክ ይናገርልህ?» አለችና ሳቀች። እሷም እኮ ቀኑ እንዳይመሽ ስትጸልይ ነበር የዋለችው።

መመረቂያ ጽሑፏን ባቀረበች ቀን አባቷ መጋቢ ዋቅቶላ ከፊት፣ ስብሐት ደግሞ ከኋላ በሩ ጥግ ተቀመጡ። አንዱ ፈታኝ መነጽራቸውን አነሱ።

«የአንድ ስልክ መረጃ ተቀንሷል። ለምን?»

ተበላሽቶ ነው ማለት ትችል ነበር። አባቷን አየች።

«የያዘው ሰው ስለሚወደኝ መንገዱን ትቶ ሲከተለኝ ዋለ። እኔም እወደዋለሁ። ለጥናቱ ግን አይሆንም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መጋቢ ዋቅቶላ አልሳቁም።

ውጭ ሲወጡ ሰውዬው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ላብ ያጠመቀው ስብሐትን ብቻ ነበር። ቀጥ ብለው ፊቱ ቆሙ።

«እናትህ ያውቃሉ?»

«ገና አልነገርኳትም፣ መጋቢ።»

ልጃቸውን አየት አደረጉ።

«እሳቸው ሳያውቁ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ካወቁ በኋላ ግን ይዘሃቸው ና።»