ከአጎዛው ሥር ያለው እንዝርት

ገላነሽ እናቷን ያታለለች መስሏት አንድ ወር ያህል ኖረች።

ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ጥቅምት ሲገባ፣ በፎገራዋ ቁሐር ሚካኤል ነው። እናቷ ማናዬ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ ቀደም ሦስት ሴቶች ስለ ወለደች፣ የገላነሽ አባት እህት እናኑ የአሁኑን ሳታውቅ እንቅልፍ አልወስዳት አለ። የማወቂያው መላ የታወቀ ነበር፦ መደቡ ላይ ሁለት አጎዛ ይነጠፋል፤ ካንዱ ሥር ማጭድ፣ ከሌላው ሥር እንዝርት ይደበቃል። እርጉዟ ማጭዱ ላይ ከተቀመጠች የሚወለደው ወንድ፣ እንዝርቱ ላይ ከሆነ ሴት ነው።

«ሆዷ እንደ ሞሰብ ከቧል፤ ሴት ነው» አለች እናኑ። «ቢሆንም ማጭዱ ይፍረድ!»

የገላነሽ አባት አያልነህ ሞፈሩን እየጠረበ፣ «ወንድ ከሆነ ማናዬ እንስራ አትሸከምም። ገላነሽ ትምህርቷን ትታ ውሃውን ትቀዳለች» አለ።

«ሴትስ ከሆነች?» አለች እናኑ።

«ሴትማ ከሆነች፣ ማናዬ እንስራውን ሦስቴ ለምዳዋለች።»

እንድትደብቅ የታዘዘችው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ገላነሽ ነበረች። እናቷ ወገቧን ስለሚያማት ሁልጊዜ ምሰሶውን ተደግፋ እንደምትቀመጥ ከእሷ በቀር ልብ ያለ አልነበረም። እንዝርቱን በምሰሶው በኩል፣ ማጭዱን በበሩ በኩል አኖረችና ደብተሯን ታቅፋ ጥግ ያዘች። ማናዬ ተጠርታ ከጓሮ ገባች። ለአፍታ ቆም ብላ ልጇን አየቻት፤ ከዚያም ምሰሶውን ተደግፋ ተቀመጠች።

«አላልሁም!» ብላ ሳቀች እናኑ። «አራተኛዋ ፈታይ መጣች!»

ገላነሽ በማግስቱ ወረታ ትምህርት ቤት፣ አምስተኛ ክፍል፣ ወንበሯ ላይ ነበረች። ከትምህርት ስትመለስ ግን በየቀኑ እናቷን መንገድ ላይ ታገኛታለች፦ ጥቁሩ የፎገራ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውጧት፣ እንስራ አዝላ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ ጥላ ትንፋሿን ስትሰበስብ። አንድ ቀን አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች። እንስራው ተሰበረ። ገላነሽ ሮጣ አነሣቻት።

«እማ… እንዝርቱን እዚያ ያኖርሁት አውቄ ነው።»

ማናዬ የመቀነቷን ጭቃ አራገፈች። «ጫፉ ከአጎዛው ሾልኮ ይታይ ነበር እኮ። አይቼ ነው የተቀመጥሁበት።»

«ለምን?»

«አባትሽ ያለውን ከጓሮ ሰምቻለሁ። አንቺ ደግሞ ደብተርሽን ታቅፈሽ ቆመሻል።»

ቤት እንደ ደረሱ ገላነሽ አባቷ ፊት ቆማ ያደረገችውን ሳታስቀር ተናገረች።

«እንግዲያ ምኑም አልታወቀማ» አለ አያልነህ።

«አልታወቀም፣ አባባ። ውሃውን ግን እኔ እቀዳለሁ። ትምህርቴንም አልተውም።»

እናቷ እስክትወልድ ድረስ ገላነሽ ዶሮ ሲጮህ እየተነሣች፣ ከእናኑ በተዋሰችው እንስራ ሁለት ጊዜ ውሃ ትቀዳ ነበር። ትምህርት ቤት የምትደርሰው ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ነው። ከዘገዩት ጋር ተንበርክካ ቅጣቷን ትጨርስና ወደ ክፍሏ ትገባ ነበር።