ማጉረምረም የተከለከለው ውሻ

በእኛ ሰፈር ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ውሻውን በቅጡ የሚያውቀው ሰው ግን ከዚያም ያንሳል። ፍርፋሪ እንወረውርለታለን፣ ሲጮህ ዝም እናሰኘዋለን፣ ሰው ሲነክስ ደግሞ "ምን ነካው?" ብለን እንገረማለን። የጎረቤቴን የብረት በያጁን ታሪክ የምነግራችሁ እሱ ራሱ "ተናገረው፣ ሌላው ይማርበት" ስላለኝ ነው።

በያጁ በሥራው የተመሰገነ ሰው ነው። የሠራው በር አያዘምም፤ የቀጠለው ብረት አይላቀቅም። እናቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ሙያ እስኪጨብጥ ድረስ ያበላችውም ያለበሰችውም በስፌት መኪናዋ ነው። እስከ ዛሬም "እትዬ" ነው የሚላት።

አንድ ጊዜ ከወርክሾፑ መሣሪያ ተሰረቀበትና ቡችላ አመጣ። ስሙንም "መከታ" አለው። ከብረት መቁረጫ ማሽኑ አጠገብ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ሰንሰለት አሰረው። ማሽኑ ሲያፏጭና የእሳት ፍንጣሪ ሲረጭ ቡችላው ጭራውን ከሆዱ ሥር ወሽቆ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሸሻ አልነበረውም። ሲያድግ ባየው ሰው ሁሉ ላይ መጮህ ጀመረ። በያጁ መጀመሪያ ደስ አለው። ደንበኞች ከበር እየተመለሱ ሲያስቸግሩት ግን የጎማ ቱቦ አነሳ። ውሻው በጮኸ ቁጥር አንድ፣ ባጉረመረመ ቁጥር ሁለት ያቀምሰው ጀመር።

እህቱ ይህን አይታ ዝም አላለችም።

"ይሄ ውሻ እኮ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው" አለችው።

"ይፍራ እንጂ። ካልፈራ መች ይታዘዛል?"

"እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል አልሰማህም? አሁን ሰው ሁሉ ቱቦ የያዘ ነው የሚመስለው።"

"እትዬ ደግሞ፣ ውሻ ነው እኮ። አማካሪ ልቅጠርለት እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እሷም ነገሩን ለመተው ያህል ሳቀች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ውሻው ማጉረምረሙን ተወ። በያጁም "አሁንስ ሰው ሆነ" እያለ ለደንበኞቹ ያወራ ነበር። ፍርሃቱ ግን ከውሻው አልወጣም። የጠፋው "አትጠጉኝ" የሚልበት ድምፅ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቱ የተቀደደ ቱታውን ጠግና አመጣችለት። በሩን አልፋ ስትገባ፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የነበረ ትልቅ ላሜራ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ደንግጣ ወደ ጎን ስትል ከውሻው አጠገብ ደረሰች። ውሻው አልጮኸም፤ አላጉረመረመም። የቀኝ እጇን አውራ ጣት ነክሶ ያዘ።

ቁስሏ ታጠበ፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ተጀመረላት፤ የተበጠሰው ጅማትም ተሰፋ። ሐኪሙ "ቁስሉ ይድናል፤ እንደ ድሮው መታጠፉን ግን እንጃ" አላት። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቷ ግን አልታጠፈም። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ይዞ የኖረ ጣት መርፌ መጨበጥ አቃተው። ጀምራቸው የነበሩትን ልብሶች እያጣጠፈች ለየባለቤቶቻቸው መለሰች።

በያጁ በተነከሰች ማግስት አልጋዋ አጠገብ ቆሞ "ዛሬውኑ አስወግደዋለሁ" አላት።

"በኔ ስም እንዳትገድለው" አለችው። "ድሮ ሲያጉረመርም ይነግርህ ነበር። አፉን ያዘጋኸው አንተ ነህ። ዛሬ ደግሞ ለምን አልተናገረም ብለህ ትቀጣዋለህ?"

በያጁ ወጥቶ በቀጥታ ወደ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ሄደ።

ውሻው የበሽታ ምልክት እንዳይኖርበት ለአሥር ቀን ለብቻው ሆኖ ታየ። ጤነኛ ነበር። በያጁም "ዶክተር፣ ይሄ ነገር ይስተካከላል?" ሲል ጠየቃት።

"ከታገሡ ይሻሻላል። ፈጽሞ ይለወጣል ብዬ ግን አልዋሽዎትም" አለችው። "መጀመሪያ ቱቦውን ይጣሉት። ከዚያ ከማሽኑ ያርቁት። የሚፈራውን ነገር ሳይጨነቅ ሊያየው ከሚችልበት ርቀት ያሳዩት፤ እያየ የሚወደውን ያብሉት። ሲረጋጋ አንድ እርምጃ ይቅረቡ። ከጨነቀው ይመለሱ። እንዳይቸኩሉ።"

ከወርክሾፑ ጀርባ ጸጥ ያለ ቦታ አጠረለትና ቤት ሠራለት። ከርቀት የሚታየው "የሚፈራው ነገር" ደግሞ እኔ ነበርኩ። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ በሩ ጋ እቆማለሁ። ውሻው ሲያየኝ፣ መጮህ ሳይጀምር፣ በያጁ ቁራሽ ሥጋ ይሰጠዋል። እኔ እሄዳለሁ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ እርምጃ ቀረብኩ። ከወር በኋላ ውሻው ሲያየኝ ከመጮህ ይልቅ ዞር ብሎ የጌታውን እጅ ማየት ጀመረ።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ደንበኛ "ውሻ ታስተምራለህ አሉ" ብሎ ቢያሾፍበት፣ በያጁ እልህ ያዘውና "ና ግባ፣ ራስህ እየው" ብሎ አጥሩ ድረስ አስጠጋው። ውሻው አጥሩ ላይ ተወርውሮ ያን ቀን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። የወር ድካማችን ገደል ገባ። በነጋታው በሩ ጋ ስቆም "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቸኮልኩ" አለኝ። ጎረቤት ሆነን ስንኖር ይህን ቃል ከአፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እንደ አዲስ ጀመርን።

በሰባተኛው ወር እህቱ መጣች። ከአጥሩ ራቅ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ውሻውን ትክ ብላ አላየችውም። ውሻው ከአጥሩ ወዲያ ቀስ ብሎ ተጠጋ፤ ሽታዋን ሳበ፤ አንዴ አጉረመረመ። በያጁ አልተቆጣውም፤ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበላት። ውሻው ቆየና ተኛ።

"እትዬ፣ ይቅር በይኝ" አላት በያጁ።

"እኔማ ይቅር ብዬሃለሁ" አለችው። "ጣቴ ነው እንቢ ያለኝ።" ፈገግ አለች። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወገኖቼ፣ ፍርሃትን በዱላ ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ማጥፋት ግን አይቻልም። የፈራ ውሻ በደጃችሁ ካለ ከማጉረምረሙ በፊት ጭራውን ተመልከቱ፤ ካጉረመረመም አትምቱት፣ ራቁለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ባለፈው ሰሞን በያጁን "በል እንግዲህ፣ ተሳካልህ" አልኩት። ለውሻው ውኃ እየቀዳለት ነበር።

"ሰባት ወር ፈጀብኝ" አለኝ። "ቡችላ ሳለ ቢሆን ሁለት ሳምንት ይበቃው ነበር። ያን ሁለት ሳምንት አጥቼ አይደለም እኮ። ነበረኝ።"