አንገቷ ባዶ ነበር

ነርሷ የሞተችው ግማሹን ልብስ አስጥታ፣ ግማሹን ሳፋው ውስጥ እንደተወችው ነው። ሰገነቱ ላይ፣ በሁለት እርጥብ አንሶላዎች መካከል፣ ጉልበቷን አጥፋ በጎኗ ወድቃ ተገኘች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ቀኝ እጇ ክር የታሰረባት ክብ እንጨት ጨብጧል። አስም እንዳለባት ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ በአፏ የምትስበው መድኃኒት ግን አጠገቧ አልነበረም። የተገኘው በክፍል ጓደኛዋ፣ በስፌተኛዋ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ለፖሊሶቹ ይህ በቂ ነበር። ስፌተኛዋን በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ በነፍስ ማጥፋት ጠርጥረው ሊወስዷት ወሰኑ። ሁለት ልጆቿን «ለስድስት ሳምንት ብቻ» ብላ ጎረቤት ዘንድ ትታ የመጣች ሴት ናት። ስድስት ሳምንቱ ስንት ዓመት ሊሆን እንደሚችል ሌሊቱን ሙሉ ስታሰላ አደረች።

የሟቿንና የሌሎቹን ተማሪዎች ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ መርማሪዋ ተጠራች። ወላጆቿ ከእነሱው አገር የመጡ፣ ጠጉሯ የሸበተ፣ ማስታወሻ የማትይዝ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ጆሮዋ መዝገብ ቤት ነው» ይሏታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ የቀራት አራት ሰዓት ነበር።

ቤቱ በሞቃቱ ወራት ለውጭ አገር ሰዎች ጣልያንኛ የሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የዘንድሮዎቹ አራት ተማሪዎች፣ ነርሷ፣ ስፌተኛዋ፣ አንድ ሾፌርና የነርሷ የአክስት ልጅ፣ ከአንድ አገር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ በነጥብ አንደኛ የወጣው አንዱ ብቻ ለሙሉ ዓመት በነፃ ይማራል። የቀሩት ሦስቱ ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ።

መርማሪዋ እንጨቷን መምህሩ ፊት አስቀመጠች። «ምንድን ናት?» አለችው በጣልያንኛ።

«የቤቱ ደንብ ናት» አለ መምህሩ። ሌሊቱን ያልተኛ፣ ቀጭን ሰው ነው። «እዚህ ከጣልያንኛ በቀር አይነገርም። በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ሰው አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል። ሌላው ሲሳሳት ሲሰማ ደግሞ ለዚያ ያስተላልፋታል። መስጠት የሚችለው የያዛት ሰው ብቻ ነው። ማታ ማታ ለእኔ ይመልሷታል እንጂ ማንም በራሱ እጅ አያነሳትም። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ስም እጠራለሁ፤ ያን ጊዜ አንገቱ ላይ የተገኘች አምስት ነጥብ ይቀነስበታል።»

«ትናንትስ?»

«የመጨረሻው ስም ጥሪ ነበር። የሁለቱ ወንዶች አንገት ባዶ ነው። ስፌተኛዋ ተራዋ ስለሆነ ከወጥ ቤቷ ጋር ገበያ ወጥታለች። ነርሷ ቤት እያለች አልመጣችም። እንግዲያው እሷ ጋ ናት አልኩና...» መምህሩ ጣቶቹን አየ። «አምስት ነጥብ ቀነስኩባት። አስር ተኩል ላይ ልቆጣት ስወጣ ነው ያገኘኋት።»

«ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ተቀንሶባታል?»

«አንድም ጊዜ። እንጨቷን ነክታት አታውቅም። አንደኛ ነበረች፤ ሁለቱ ወንዶች በቅርብ ይከተሏታል።»

ስፌተኛዋ ሁለት አልጋ ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። የነርሷ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። መርማሪዋ በቋንቋቸው ስታናግራት ሴትዮዋ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ አለቀሰች።

«ቦርሳችን አንድ ነው፣ እትዬ። ገበያ የምንሄደው ሁለታችን ስለነበርን መድኃኒቷን ራሷ ከተተችው። ልንወጣ ስንል "ልብሱ ሳይደርቅ ይመሽብናል፣ አንቺ ሂጂ" አለችኝ። እሷም ረሳች፣ እኔም ረሳሁ። ከስምንት ሰዓት እስከ አስር ተኩል መድኃኒቷን በብብቴ ይዤ ቲማቲም ስመርጥ ዋልኩ።»

«እንጨቷን ትናንት ማን ሰጠሽ?»

«ማንም። ትናንት አልነካኋትም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይውሰዱኝ፣ ምን ቀረኝ» አለች። መርማሪዋ ለልጆቿ ደውላ እንደሆነ ጠየቀቻትና ወጣች።

ሾፌሩ፣ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ቀልደኛ ሰው፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት ወደ በሩ ገልመጥ አለ።

«ግዴለም፣ በቋንቋህ ተናገር» አለችው።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እትዬ። እንጨቷን እኛ "እከክ" ነው የምንላት፤ ከሰው ሰው ትጋባለች። ስንመጣ እንደ ጨዋታ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

«ትናንት ማን ጋ ዋለች?»

«ምሳ ላይ እኔ ጋ። ሰባት ሰዓት ሲሆን የነርሷን የአክስት ልጅ ደረጃው ጣቱን መታውና "ወይኔ እናቴ" አለ። አዘንኩለት፤ ግን እከክ ነውና አጋባሁበት።»

«ነርሷን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሃት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ግቢው ውስጥ ጥላ ስር ነበርኩ። ቀና ስል ሳፋዋን ይዛ ሰገነቱ ላይ ወጥታለች። ፀሐዩን በጣልያንኛ ሰደብኩላት፤ ሳቀች። አንገቷ ባዶ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እዚህ ቤት ፊት አይቶ ሰላም የሚል የለም፣ እትዬ። መጀመሪያ አንገት ነው የምናየው።»

የአክስቷ ልጅ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። ሸሚዙ በለቅሶም ቀን የተተኮሰ ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱ የነርሷ እናት ናቸው ያሳደጉት፤ አክስቱን «እማዬ»፣ ነርሷን «እህቴ» ይላል። ሲመጡ እማዬ የልጃቸውን እጅ በእጁ አስጨብጠው «አደራ» ብለውት ነበር። ይህን ሲናገር እንባው እውነተኛ ነበር፤ መርማሪዋ የውሸት እንባ ስንት ዓይነት እንደሆነ ታውቃለችና አልተጠራጠረችውም።

«እንጨቷን ምን አደረግካት?» አለችው።

«ሰባት ተኩል ላይ ለስፌተኛዋ ሰጠኋት። በቋንቋችን ስታንጎራጉር ሰማኋታ። እሷ ደግሞ ለእህቴ ሰጥታት ይሆናል። እኔ ሰው አልከስም፤ ግን መድኃኒቱንም ይዛ የሄደችው እሷ ናት።»

«እህትህ እዚህ ቤት በቋንቋችሁ ስትናገር ሰምተሃት ታውቃለህ?»

«በፍጹም። ምላሷን ብትቆርጥ ይቀላታል» አለ፣ በኩራት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ሁለቱ ፖሊሶች ከስፌተኛዋ ወንበር ኋላ ቆመዋል። መጀመሪያ ለፖሊሶቹና ለመምህሩ በጣልያንኛ፣ ቀጥሎ ለተማሪዎቹ በቋንቋቸው ተናገረች።

«ቦርሳውን ተዉት። ሁለት ሴቶች አንድ ቦርሳ ሲይዙ የሚረሳ ነገር አይጠፋም። እኔ የጠየቅኩት እንጨቷ በማን እጅ አልፋ ሟቿ መዳፍ ውስጥ እንደገባች ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ሾፌሩ ለአክስቷ ልጅ ሰጣት፤ ይህን ሁለቱም ያምናሉ። የአክስቷ ልጅ "ለስፌተኛዋ ሰጠሁ" ይላል። ስፌተኛዋ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥታ እስከ አስር ተኩል አልተመለሰችም። እንጨቷን ለነርሷ ሰጥታት ሄዳ ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ አንገት ላይ በታየች። አልነበረችም። ሳትሰጣት ሄዳ ቢሆን ደግሞ እንጨቷ ገበያ አብራት በዋለች። ወጥ ቤቷን ጠየቅኋት፤ የስፌተኛዋም አንገት ባዶ ነበር። ስለዚህ እንጨቷ ከዚህ ቤት አልወጣችም፤ የያዛትም ስፌተኛዋ ሳትሆን ከሾፌሩ የተቀበላት ሰው ነው።»

የአክስቷ ልጅ «ለእህቴ በጨዋታ ሰጥቻት ቢሆንስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» አለች መርማሪዋ። «ቅድም ለእሷ ሰጥቻታለሁ አላልክም። ደሞስ እሷ ደንብ አክባሪ ነበረች፤ እንጨቷን እንደተቀበለች አንገቷ ላይ ታደርጋት ነበር። የተገኘችው ግን እጇ ውስጥ ነው። ለማንጠልጠል ጉልበት አልነበራትም። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል ያላመለጣት ሴት ትናንት በእናቷ ቋንቋ ተናገረች። ለምን ይመስልሃል? ትንፋሽ ያጠረው ሰው የሰው አገር ቃል አይመርጥም። እርዳታ ስትጠራ ነው የሰማሃት።»

መምህሩ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

የአክስቷ ልጅ ብዙ አልታገለም። «አስር ሊሆን ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል» አለ። «እንጨቷን የማራግፍበት ሰው ፍለጋ ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። ከአንሶላው ኋላ ሆና "ወንድሜ፣ መድኃኒቴን" አለችኝ። መጀመሪያ የሰማሁት ቋንቋውን ነው። እጇ ላይ አስቀመጥኳትና ሮጥኩ። ያለችውን የሰማሁት ደረጃው ላይ ነው።»

«ሰምተህ ለምን አልተመለስክም?»

«ስም ጥሪው ሊጀመር ነበር።»

«ከስም ጥሪው በኋላስ?»

የአክስቷ ልጅ በሦስት ነጥብ ሲከተላት እንደነበር፣ የተቀነሱባት አምስት ነጥቦችም አንደኛ እንዳደረጉት መምህሩ በደከመ ድምፅ ተናገረ። ፖሊሶቹ ጥፋቱ በሕግ ምን እንደሚባል በሹክሹክታ ተከራከሩ፤ ቢያንስ አብሯቸው ይሄዳል። ስፌተኛዋን «ነፃ ነሽ» ቢሏትም ከወንበሯ አልተነሳችም። ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

«ለእማዬ አትንገሩብኝ» አለ የአክስቷ ልጅ። «ሌላውን ሁሉ እቀበላለሁ።»

«የምትነግራቸው አንተ ነህ» አለች መርማሪዋ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ደወለ። ጸጥ ባለው አዳራሽ የእናትየው ድምፅ ለሁሉም ይሰማል። ትናንት ማታ መርዶ ተረድተዋል።

«ልጄ፣ እህል ቀመስክ?»

«እማዬ...»

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሌሊቱን ሙሉ እሱ ነው ያቃጠለኝ። በሰው አገር ብቻዋን ነው የሞተችው?»

መርማሪዋን አያት። እሷ ፊቷን አላዞረችም።

«ብቻዋን አልነበረችም» አለ። «እኔ ነበርኩ።»

«ተናገረች?»

«ወንድሜ አለችኝ።»

እናትየው ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። «ተመስገን» አሉ። «እንኳን አንተ ነበርክላት፣ ልጄ። አደራዬን በላህ አልልህም፤ የእግዜር ነገር ነው። በል አሁን እህል ቅመስ።»

ሾፌሩና ስፌተኛዋ አንገታቸውን ደፉ። ፖሊሶቹ ቋንቋውን ስለማያውቁት፣ ሐዘንተኛው ስልኩን እስኪጨርስ በትሕትና ቆመው ጠበቁት።